የጉበት በሽታ፣ ሕክምናውና ንቅለ ተከላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሦስት ዓመት በፊት ከጉበቴ ከግማሽ በላዩን ለታላቅ ወንድሜ ሰጥቻለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም፤ ከዚያ ወዲህ ዘመዱም ጎረቤቱም የማላውቀውም ሰው እየደወለ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት።

ጉበት የት ነው ያለው? ሥራውስ ምንድን ነው?

በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። የበላነው ነገር ከአንጀት ተመጦ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ስኳር ያከማቻል፣ ሐሞት ይሠራል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። መድኃኒትና አልኮልንም ሰባብሮ የሚያስወጣው እሱ ነው።

ሁለት ጠባዮቹን ያዙልኝ። አንደኛ፣ ተቆርጦ መልሶ ያድጋል። ሁለተኛ፣ ሲጎዳ አይናገርም። ሕመም የሚሰማው የላይኛው ሽፋኑ እንጂ ውስጡ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ ነው።

«የወፍ በሽታ» የሚባለው የጉበት በሽታ ነው?

ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን ነው አገሩ «የወፍ በሽታ» የሚለው። የሌሊት ወፍ በላዩ ስታልፍ ወይም ስትሸናበት ይይዘዋል ይባላል። ልጆች ሆነን ሲመሽ የሌሊት ወፍ ካየን ራሳችንን ሸፍነን ወደ ቤት እንሮጥ ነበር። ወፏ የለችበትም። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ያንን ከሐሞት ጋር ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ ይጠራቀምና ዓይን ላይ ይታያል።

ስለዚህ የወፍ በሽታ ምልክት ነው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ የሐሞት ጠጠር መንገዱን ዘግቶት ይሆናል፤ ወባ፣ የመድኃኒት ጉዳት ወይም ዕጢም ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ መታከም የለበትም።

ጉበቴ መታመሙን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ጊዜ አታውቁም። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ይሄ ስለሆነ ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ በቀኝ ጎን ከበድ ማለት፣ ማሳከክ ሊኖር ይችላል። ግን እነዚህ የሥራ ብዛትም ይመስላሉ፣ ጨጓራም ይመስላሉ።

ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ጥቁር ሻይ ሲመስል፣ ሆድ ሲነፋና እግር ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሰንብቷል። ደም ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ቀንና ሌሊት የተምታታበት የጉበት ሕመምተኛ ካለ ግን ነገን አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

መመርመር ቀላል ነው። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ (ጉበትን የሚያቆስሉ ቫይረሶች ናቸው) የደም ምርመራ፣ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች፣ አልትራሳውንድ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኢንዛይሙ «ኖርማል» መሆኑ ብቻውን ጉበት ደህና ነው ማለት አይደለም። በጣም የተጎዳ ጉበትም ኖርማል ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኤ እና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይድናል። ኢ ግን ለነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ በጣም አደገኛ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች የተነሣው ወረርሽኝ ኢ ነበር።

ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ፤ ቢ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅም በብዛት ይተላለፋል። እነዚህ ናቸው ሰውነት ውስጥ ሰንብተው ጉበትን በጠባሳ የሚሞሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከቢ ጋር የሚኖረውን ሰው 254 ሚሊዮን፣ ከሲ ጋር የሚኖረውን 50 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። በአገራችን በተሠሩ ጥናቶች ቢ ከመቶ ሰው ሰባት ገደማ ላይ ተገኝቷል። አንድ ሙሉ ሚኒባስ ተሳፋሪ ውስጥ አንድ ሰው እንደማለት ነው። ዲ የሚባልም አለ፤ ቢ ያለበትን ሰው ብቻ የሚይዝና በሽታውን የሚያከብድ ነው።

በአንድ ገበታ በመብላት ወይም በጉርሻ ይተላለፋል?

ቢ እና ሲ አይተላለፉም። በጉርሻም፣ በአንድ ብርጭቆም፣ በመሳሳምና በመተቃቀፍም፣ በሳልም አይተላለፉም። ይህን በደማቁ ነው የምለው። ወንድም ጋሼ መታመሙ የተሰማ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሳህኑና ብርጭቆው ተለየ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፤ እናታችን ናት የለየችው፣ ፈርታ። እሱ ግን በሽታው ያላስለቀሰውን ያህል ያ ሳህን አስለቀሰው።

የሚያስተላልፈው ሌላ ነው። ምላጭና የጥፍር መቁረጫ መዋስ፣ የጥርስ ብሩሽ መጋራት፣ በደንብ ባልተቀቀለ መሣሪያ ጥርስ ማስነቀል፣ ንቅሳት፣ ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። ፀጉር ቤት ስትገቡ ምላጩ ፊታችሁ ከወረቀቱ ይውጣ።

ለዓረብ አገር ሜዲካል ስመረመር «አንፊት» ተባልኩ፤ ሄፓታይተስ ቢ አለብህ አሉኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ብዙ ወጣት በሽታውን የሚሰማው እዚያ ነው፤ ወይም ደም ሲለግስ። ጉዞው ስለቀረ ሁሉም ስለ ቪዛው ያዝናል፣ ስለ ጉበቱ የሚያስብ የለም። ወንድሜም ደም ለግሶ ነበር የተነገረው። ወረቀቱን ተቀብሎ ቤት መጣ፤ ምንም አያመውም ነበርና ቁም ሳጥን ውስጥ ከዲፕሎማው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ሆዱ ውሃ የቋጠረው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ያንን ፖስታ ያገኘሁት ለጉዞ ሰነድ ስንፈልግ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ወይም የጉበት ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ። ኢንዛይም፣ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)፣ የፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት) ቁጥር፣ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያ ባለበት ደግሞ ጉበቱ በጠባሳ ምን ያህል እንደደደረ ይለካል። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም። ሁሉም ግን ክትትል ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወሩ።

ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ እህትና ወንድም ይመርመሩ። ነጻ የሆኑት ይከተቡ፤ ሦስት መርፌ ነው። እኔ በዚህ ነው የዳንኩት።

መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው? ወይስ ይድናል?

ሲ ይድናል። በአብዛኛው ለ12 ሳምንት የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ከመቶ ታካሚ ከ95 በላዩ ይነጻል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ያኔ ይሰጥ የነበረው መርፌ ራሱ ሰው ይጥል ነበር። የሲን ቫይረስ ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2020 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ያለ ነገር አይደለም።

ቢ ግን ብዙ ጊዜ ከሰውነት አይጠፋም፤ ይታፈናል። ቴኖፎቪር የሚባለው ክኒን በቀን አንድ ይወሰዳል፣ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ። ቫይረሱ ሲታፈን ጉበት ያርፋል፤ ጠባሳውም በብዙ ሰው ላይ እየለሰለሰ ይሄዳል። «ተሻለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። በድንገት ሲቆም ቫይረሱ ገንፍሎ ይነሣና በሳምንታት ውስጥ ጉበትን ሊጥል ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ ተባልኩ። ልጄስ?

ልጅሽን መጠበቅ ይቻላል። ደግሞም ዋናው ጊዜ ይሄ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚያዝ ሕፃን ከአሥር ዘጠኙ ላይ በሽታው ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ አዋቂ ሆኖ ከተያዘው ላይ ግን ከመቶ አምስት በማይሞላው ላይ ነው የሚቀረው። ቫይራል ሎድሽ ከፍ ያለ ከሆነ ከእርግዝናው 28ኛ ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ቴኖፎቪር ይሰጥሻል።

ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የቢ ክትባት ማግኘት አለበት። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው የተለመደው ክትባት ያንን የመጀመሪያውን አይተካም። ስለዚህ ገና ሳትወልጂ፣ በክትትልሽ ጊዜ፣ ለመውለጃው ቀን ክትባቱ መኖሩን ጠይቂ። ማጥባት ትችያለሽ።

ይህ ክትባት በአገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች ተመርምረን ካልተከተብን በስተቀር መከላከያ የለንም።

አራስ ልጄ ዓይኑ ቢጫ ነው። ፀሐይ ማሞቅ ይበቃል?

በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ መሆን የተለመደ ነው፤ ያም ቢሆን ሐኪም አይቶት ነው። ከ14 ቀን በላይ ከቆየ ግን ፀሐይ መፍትሔ አይሆንም። ሰገራውን እዩ። ነጣ ካለ፣ አመድ ወይም የነጣ ሊጥ ከመሰለ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ካሳይ የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ፤ ስሙ የጃፓናዊው ሐኪም ስም ነው። የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ያለፈበት ልጅ ብዙ ጊዜ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል። «የአራስ ነው፣ ይለቀዋል» እየተባለ የሚያልፈው ሦስት ሳምንት እዚህ ላይ ዋጋው ከባድ ነው።

አልጠጣም። ታዲያ እንዴት ጉበቴ ላይ ስብ ተገኘ?

ፋቲ ሊቨር የሚባለው ነው። ከመጠጥ ይልቅ ከቦርጭ፣ ከስኳር በሽታና ከመቀመጥ ጋር ይሄዳል። በዓለም ላይ ከአዋቂው ሕዝብ ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ አለበት። በአብዛኛው ሰው ላይ ስብ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ተቃጥሎ ወደ ጠባሳ ይሄዳል።

ሕክምናው ክብደት መቀነስ ነው። ከሰውነታችሁ ክብደት ከመቶ ሰባት እስከ አሥር ካወረዳችሁ ጉበቱ በደንብ ይሻሻላል። 90 ኪሎ ከሆናችሁ፣ ሰባት ኪሎ እንደማለት። ለስላሳ መጠጥ ማቆም፣ በየቀኑ ፈጠን ብሎ መራመድ። የሚሸጠው «ጉበት አጣቢ» ሻይ ይህን አይሠራም።

አረቄ፣ ጫት፣ ቡና?

አልኮል ለጉበት መርዝ ነው፤ አረቄ ይሁን ጠጅ ይሁን ቢራ ጉበቱ አይለየውም። ቫይረስ ወይም ጠባሳ ያለበት ሰው ደግሞ «ትንሽ» የሚባል የለውም። ጫትን በተመለከተ ሐረር ላይ በሆስፒታል የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት ቃሚዎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚያገኛቸው አሳይቷል።

ቡናን ግን በደስታ ነው የምጽፈው። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው በጠባሳ የመሞላቱም ሆነ በካንሰር የመያዙ ነገር አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ስኳር ሳታበዙ አቦልና ቶና ጠጡ። ለወንድሜም ሐኪሙ ሲፈቅድለት እናታችን በማግስቱ ነው ጀበናውን የጣደችው።

የባህል መድኃኒት አድኖኛል የሚሉ ሰዎች አሉ። ልሞክር?

ሰዎቹ አይዋሹም። የዳኑት ግን በአብዛኛው ሄፓታይተስ ኤ የያዛቸው ናቸው፤ ቅጠሉንም ባይጠጡት ይድኑ ነበር። ምስጋናው ለቅጠሉ ይሄዳል። ያው ቅጠል ቢ ላለበት ሰው ሲሰጥ ጊዜ ይበላል።

ሌላው፣ ተክል ሁሉ ለጉበት ደግ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ በትግራይ ሰሜን ምዕራብ፣ ሽሬ አካባቢ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ገበሬዎችን ሆዳቸው እየተነፋ ገድሏል። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ የደረሱበት ከአረም ወደ እህል የሚቀላቀል መርዝ ነው። በመጠን ያልተለካና ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ለተጎዳ ጉበት አትስጡ። ስትጠጡ የቆያችሁ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩ፤ መድኃኒት የሚያዘው ያንን አውቆ ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ ጉበቱ ለተጎዳ ብዙ ጊዜ ከ2 ግራም አይበልጥም ይባላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሲሮሲስ ሕመምተኛ (ጉበቱ በጠባሳ ለተሞላ ሰው) ኩላሊትን ስለሚጎዱና ስለሚያደሙ አይሰጡም። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋሙ ይመለስ።

ሲሮሲስ ምንድን ነው? ሆድ ለምን ውሃ ይቋጥራል?

ጉበት ለዓመታት ሲቆስልና ሲጠግግ በጠባሳ ይሞላል፤ ይጠነክራል። ሲሮሲስ ማለት ይሄ ነው። ደም በውስጡ ማለፍ ይቸግረዋል፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ደም የሚያስታውከው እነሱ ሲፈነዱ ነው። ቢልሃርዝያም ሲሮሲስ ሳይኖር ይህን ግፊት ያመጣል፤ ጣና ዳር ወይም ዝዋይ ውሃ ውስጥ እየዋኛችሁ ያደጋችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ለእያንዳንዱ ሕክምና አለ። ለውሃው ስፓይሮኖላክቶንና ፉሮሴማይድ፤ ካልበቃ በመርፌ ይቀዳል። ለደም ሥሮቹ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) በጎማ ማሰርና ፕሮፕራኖሎል የመሰለ ክኒን። የጉበት ሕመም ለሚያመጣው የአእምሮ መምታታት ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪወጣ። ወንድም ጋሼ መምታታት የጀመረው በትንሽ ነገር ነው። አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እጁን ዘርጋ ስለው መዳፉ እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ድካም መሰለን፤ ሆድ ድርቀት ነበር የቀሰቀሰው።

የጉበት ሕመምተኛ ምን ይብላ? መጾምስ ይችላል?

ጨው ይቀንስ፤ በተለይ ሆዱ ውሃ የቋጠረ። በቀን 5 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ነው ጠቅላላው። ወጥ ውስጥ ጨው አለመጨመር ብቻ አይበቃም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። እኛ ለብቻው ያለ ጨው አስፈጨንለት። ፕሮቲን ግን አትከልክሉት። «ጉበት ስላመመው ሥጋና እንቁላል ይቅር» የሚለው የቆየ ምክር ጡንቻውን ያከሳዋል። እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የበሰለ ሥጋ ይብላ።

ሲሮሲስ ያለበት ሰው ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆዱን መቆየት የለበትም። የተጎዳ ጉበት ስኳር ማከማቸት ስለማይችል፣ የአንድ ሌሊት ጾም ሰውነቱን ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ የቆየ ያህል ያደርገዋል፤ ጡንቻውን እየበላ ያድራል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሊተኛ ሲል መክሰስ ይብላ የሚሉት። ወንድሜ ፍልሰታን ካልጾምኩ ብሎ ነበር። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ራሳቸው መጥተው፣ ገንፎውን በእጃቸው ይዘው «ብላ ልጄ» አሉት። በላ።

የጉበት ካንሰር ቀድሞ ይታወቃል?

ይታወቃል፣ ከተፈለገ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣ። ቢ ያለበት ሰው ላይ ካንሰሩ ያለ ሲሮሲስም ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ለእሱም ሊያዝዝለት ይችላል። የሻገተ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አደጋውን ስለሚጨምር የሻገተውን ጣሉት፤ መቁላት አያጠፋውም።

በጊዜ የተገኘ ዕጢ ተቆርጦ ሊወጣ፣ በሙቀት ሊቃጠል፣ ወይም በንቅለ ተከላ ሊታከም ይችላል። የታወቀው የሚላኖ መስፈርት አንድ ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ሦስት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ፣ ወደ ደም ሥር ያልገቡና ያልተሰራጩ ይሁኑ ይላል።

ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጉበቱ በመድኃኒት የማይመለስበት ደረጃ ሲደርስ፣ በድንገት ሥራ ሲያቆም፣ ወይም ከላይ ያልኩት ዓይነት ካንሰር ሲኖር። ሐኪሞች ሜልድ የሚባል ነጥብ ያሰላሉ፤ ከ6 እስከ 40 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በሽታው የከበደ ነው። ከ15 ሲያልፍ ስለ ንቅለ ተከላ በቁም ነገር መነጋገር ይጀመራል። ውሃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክ ወይም መምታታት ከታየ ደግሞ ቁጥሩን ሳትጠብቁ ጠይቁ።

በጣም ከዘገየ ደግሞ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ሰውየው በጣም ከስቶ፣ ኢንፌክሽን ገብቶበት፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ከደረሰ ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም። ሐኪሙን «ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል?» ብላችሁ በአንደበታችሁ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ አምስት ወር አለፈን። ጥያቄውን ማንሣት ሟርት መስሎን ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል? ካልሆነ የት? ስንት ይፈጃል?

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለጉበት ግን ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ ሕሙማን ወደ ውጭ ነው የሚሄዱት፤ አብዛኛው ወደ ሕንድ፣ ሌላውም ወደ ቱርክ። ሕንድ ከሕያው ለጋሽ በብዛት ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። እዚያ ቀዶ ሕክምናውና የሆስፒታል ቆይታው በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 ሺ ዶላር ይጠየቃል። በዚህ ላይ ቤት ኪራይ፣ ምግብና ትኬት አለ። ታካሚው ሁለት ሦስት ወር፣ ለጋሹ አንድ ወር ገደማ ይቆያል።

አሜሪካ ያላችሁ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ በዓመት ከ10 ሺ በላይ የጉበት ንቅለ ተከላ ይሠራል፤ አብዛኛው ከሞተ ሰው በተለገሰ ጉበት ሲሆን ወረፋው በሜልድ ነው የሚሄደው። ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ ሊሸፍን ስለሚችል መጀመሪያ የንቅለ ተከላ ማዕከሉን አነጋግሩ።

ማን መስጠት ይችላል? ለጋሽ መግዛትስ?

ጤነኛ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ዓመት የሆነ፣ የደም ዓይነቱ የሚስማማ፣ ጉበቱ በመጠን የሚበቃ ሰው። እንደ ኩላሊቱ የቲሹ መመሳሰል ወሳኝ አይደለም። እኛ ቤት መጀመሪያ ራሱን ያቀረበው ታናሽ ወንድማችን ነበር፤ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘበት። እህታችን ስትመረመር እሷም ቢ አለባት፤ የዚያን ቀን ነው ያወቀችው። እኔ ቀረሁ። ደሜ ኦ ነው፣ ክትባቱንም ቀደም ብዬ ጨርሼ ነበር።

መግዛት ወንጀል ነው። በሕንድ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኋላ የተሻሻለው ሕግ ለጋሹ የቅርብ ዘመድ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የትዳር አጋር፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድም፣ አያትና የልጅ ልጅ። የውጭ ዜጋ ሁሉ በፈቃጅ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ የኤምባሲ ደብዳቤና የዝምድና ማስረጃ ይጠየቃል። የልደት ሰርተፍኬትና የቤተሰብ ማስረጃ እዚሁ ሳላችሁ አስተርጉማችሁና አረጋግጣችሁ ያዙ። «ሰው እናገኛለን» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉት።

ለጋሹ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሐሳቡን መቀየር ይችላል። እኔን አንዲት ሐኪም ብቻዬን አስገብታ በአስተርጓሚ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። «አልፈልግም ካልሽ ለቤተሰብሽ ጉበቷ አልተስማማም ብቻ ነው የምንላቸው» አለችኝ። ያ ክፍል ባይኖር ኖሮ ፈቃዴ ፈቃድ ነው አልልም ነበር።

ለጋሹ ምን ይሆናል?

ለአዋቂ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የቀኙ ክፍል ይወሰዳል፤ ከጉበቱ ከመቶ 55 እስከ 70። የቀረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ያድጋል፤ በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። ቀዶ ሕክምናው ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ሆስፒታል መተኛቱ ሳምንት ገደማ፣ ወደ ሥራ መመለሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ከባድ ነገር ማንሣት ለሁለት ሦስት ወር የለም።

አደጋውን አልደብቅም። የቀኙን ክፍል ከሚሰጡ ሰዎች ከ200 እስከ 500 ውስጥ አንዱ ሊሞት ይችላል። የሐሞት መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የቁስል መላላት ከዚያ በላይ ያጋጥማል። እኔ ስነቃ ከሁሉ የከበደኝ መሳል ነበር። ነርሷ ትራስ ሆዴ ላይ አስታቅፋ «አሁን ሳይ» ትለኛለች፤ እንባዬ ይመጣል። በአራተኛው ቀን በኮሪደሩ ግድግዳ ይዤ እስከ ወንድም ጋሼ ክፍል ሄድኩ። በመስታወቱ አየሁት። የዓይኑ ነጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከተተከለ በኋላ ሕይወት ምን ይመስላል?

በጥሩ ማዕከሎች ከመቶ ሰው 90 ገደማው ዓመቱን ያልፋል፤ አምስት ዓመት የሚያልፈው 75 ገደማ ነው። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይጠላው ታክሮሊመስ የመሰለ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ በሰዓቱ። የወንድሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ሠርግ ላይ ቢሆን፣ ቅዳሴ ላይ ቢሆን ስልኩ ይጮኻል። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት የተተከለለት ሰው የቫይረሱን መድኃኒትም አያቋርጥም፤ አለዚያ አዲሱንም ጉበት ይይዘዋል።

መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት የለም። ግሬፕፍሩት የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ስለሚያንር ክልክል ነው። የደም ምርመራው አይቀርም፤ ለመድኃኒቱና ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ በየወሩ መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት አስሉ። ብዙ ቤተሰብ ለቀዶ ሕክምናው ለምኖ ሰብስቦ፣ ለሁለተኛው ዓመት ክኒን ያጣል።

ንቅለ ተከላ አይቻልም ከተባልንስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ዕድሜ፣ የተሰራጨ ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የለጋሽ ወይም የገንዘብ ማጣት፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። «አይቻልም» የሚለው ቃል ንቅለ ተከላውን ነው እንጂ ሕክምናውን አይደለም። ውሃው ይቀዳል፣ ማሳከኩና ሕመሙ ይታከማል፣ ላክቱሎሱ ይቀጥላል። ሐኪሙን ከፊታችን ምን እንደሚመጣና ቤት ሆነን ምን ማድረግ እንደምንችል ጠይቁት። ቤት መሸጥ የሚለው ሐሳብ ከተነሣ ደግሞ ታማሚው ራሱ ይጠየቅ።

እዚህ አገር ወንድሜ ተኝቶ በነበረበት ክፍል አንድ አባት ነበሩ። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠን እንውሰድዎት ሲሉ እሳቸው እንቢ አሉ። ቤታቸው መግባት ፈለጉ፤ ገቡም። ትልቋ ልጃቸው ሽሮፑን በሰዓቱ መስጠት፣ ሆዳቸውን በሜትር መለካትና ውሃ የሚቀዳበትን ቀን መለየት ከነርሶቹ ተማረች። አንድ ነገር ግን ልጆቻቸውን አስማሏቸው፤ ሁሉም ሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመሩ። ከሰባቱ ሁለቱ ፖዘቲቭ ሆኑ። አንደኛው መድኃኒት ጀምሯል፤ ሁለተኛዋ በየስድስት ወሩ ትመረመራለች፤ አምስቱ ተከትበዋል።